ጳጉሜን የዋጠው ፋንክሽን

ነሐሴ 26፣ 2017

ዝናቡ ቆመ። ጠብ ካለ አሥር ቀን ሆነው። ማሽላው ራስ ሊያወጣ ባለበት ሰዓት! ሰው ሁሉ ዓይኑ ጉድጓዱ ላይ ነው፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ መውጫ ያለው የመስኖ ጉድጓድ ላይ። በኛ መስመር አሥራ አራት ቤት ነን፤ ለአንድ ቤት አንድ ቀን። በየዙሩ ሽማግሌዎች ዕጣ ይጥላሉ፣ የወጣውን ተራ በጭንቅላቱ የሚይዘው ደግሞ የውሃ አባቱ አያ ኢብሮ ነው። ድሮ ማታ ማታ በየደጁ እየዞረ «ነገ ያንተ ነው፣ ቦዩን ጥረግ» ይል ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ያን ሥራ የወሰድሁት እኔ ነኝ። በስልክ መልዕክት! እኔ፣ ፈሪሀ፣ ሞባይል ጠጋኟ፣ ፎቶ ኮፒ የማነሳዋ፣ የኮሌጅ ደጅ ያልረገጥሁት። ፕሮግራም መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከስልኬና ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ላፕቶፕ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የተማርሁት። ዲግሪ የያዙት ልጆች «ይቺ ደግሞ» እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ። አሥራ አራት ቤት መልዕክት የሚደርሰው ከእነሱ ዲግሪ ነው ከኔ ላፕቶፕ?

ዛሬ አያ ኢብሮ ሱቅ መጥቶ የአዲሱን ዙር ተራ ነገረኝ። ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዲት ወረቀት ሳይዝ። «ነሐሴ ሃያ ሰባት ማሚቴ...» ብሎ ጀመረ፤ «ጳጉሜ አንድ ረዲ...» አለ፤ «መስከረም አንድ ፀዲ...» አለ፤ መስከረም አምስት ላይ ጨረሰ። እሱ ሲል እኔ ስጽፍ።

«ጳጉሜን ታውቀዋለች ማሽንሽ?» አለኝ።

«አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ነው የምሰጣት። ምን ይከብዳታል?»

«እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ።»

ሦስት ሰው ፎቶ ኮፒ ይጠብቃል። «አያ፣ ማሽን እኮ እንደ ሰው አይረሳም» አልሁት። ሳቀና ሄደ። ማታ ለአሥራ አራቱም ቤት የየተራቸውን ቀን በአንዴ ላክሁ።

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ ዘይኑዲንም ያልሁትን ተቀብሏል፤ ከእንግዲህ አያ ኢብሮ እየዞረ እንዳይጠራ። ሰው ከሁለት አፍ ሲሰማ ይምታታል። ልክ ነኝ።

ጳጉሜ 1

ጠዋት አያ ኢብሮ ደወለ።

«ፈሪሀ ልጄ፣ ረዲ አልመጣም። መልዕክቱ ሄዶለታል?»

አየሁ። «ደርሷል ይላል አያ።»

«ሄጄ ልጥራው ወይ?»

«ተነጋግረን የለም እንዴ?»

«እሺ። ደርሷል ካለ።»

ረዲ ተኝቶ ይሆናል። እንቅልፍ ይወዳል።

ጳጉሜ 3

ትናንትም ዛሬም ሰው አልመጣም አሉ። አንዱ ባጃጅ ነጂ ስልኩን ሊያስጠግን መጥቶ «የጉድጓዱ ሞተር ብቻውን ሲጮህ ይውላል፣ ሰው አላየሁበትም» አለ። ለበዓሉ ፎቶ የሚያሳትም በዝቶብኛል። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ነገ ጉድጓዱ ጋ ሄጄ አያለሁ።

ጳጉሜ 5

አልሄድሁም።

እህቴ አሚና ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች። አያ ኢብሮ ውሃውን ለውዱ ሽንኩርት እየለቀቀው ነው አሉ፤ ውዱ መሬቱ ከቦዩ አፍ ነው።

«ታዲያ ባለተራው ካልመጣ ምን ያድርግ? ለአሸዋ ይልቀቀው?» አልኋት።

«እሱን አይደለም። አምስት ቀን ሙሉ አምስት ሰው ለምን ይቀራል?»

እኔን ምን ትጠይቀኛለች? ሰዎቹን አትጠይቅም?

መስከረም 1፣ 2018

እንኳን አደረሰን። ምኑን አደረሰን!

ጧት ረዲና ፀዲ እኩል ጉድጓዱ ጋ ደረሱ። ሁለቱም አካፋ ይዘው፣ ሁለቱም «ተራዬ ነው» ብለው። ፀዲ በአካፋው እጀታ ረዲን ደረቱ ላይ ገፋችው፣ እሱ ቦይ ውስጥ ወደቀ። ደርሼ ስገላግል ረዲ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቀነው፦ «ተራዎ መስከረም 1 ነው»። የፀዲም እንደዚያው።

አያ ኢብሮ «ረዲ፣ ያንተ እኮ ጳጉሜ አንድ ነበር፣ አለፈ» አለ።

«አለፈ? ማን ነግሮኝ አለፈ? ውዱ ስንት ሰጥቶህ ነው ያለፈው?»

 ውሃውን ለሁለት ተካፈሉት። ግማሽ ቀን ለማሽላ ምኑ ነው?

ነገ ስብሰባ ነው።

መስከረም 2

ስብሰባው ሞተር ቤቱ በር ላይ ነበር። አምስቱም የጳጉሜ ባለተራዎች ስልካቸውን አወጡ፤ አምስቱም ላይ መስከረም ይላል። ጋሽ ዘይኑዲን ወደኔ ዞረ።

«ልጄ፣ ማሽንሽ ልትሳሳት ትችላለች?»

«ማሽን የሰጧትን ነው የምትመልሰው። እኔም የተነገረኝን ነው የጻፍሁት» አልሁ።

ዓይን ሁሉ ወደ አያ ኢብሮ ዞረ። አንዴ ብቻ «ጳጉሜ ብያለሁ» አለ። አልተከራከረም፣ አልማለም። ረዲ «መስከረም ብለህ አስጽፈህ፣ ጳጉሜን ለውዱ ሸጥኸው» አለው፤ ውዱ ሊሰድበው ተነሳ፣ ያዙት። በመጨረሻ የሞተር ቤቱን ቁልፍ ከአያ ኢብሮ ተቀብለው ለኮሚቴው አባል ለበረከት ሰጡት። እስኪጣራ ተባለ። ሃያ ሁለት ዓመት የያዘውን ቁልፍ።

ያልሁት ውሸት አይደለም። የተነገረኝን ነው የጻፍሁት።

መስከረም 3

አገኘሁት።

ላፕቶፑን ከፍቼ አሥራ ሦስተኛ ወር፣ ቀን አንድ፣ 2017 ብዬ ሰጠሁት። የመለሰልኝ አንደኛ ወር፣ ቀን አንድ፣ 2018። ጳጉሜ ሁለትን ሰጠሁት፤ መስከረም ሁለት። አምስቱንም ሞከርሁ፣ አምስቱንም መስከረም ላይ ደፋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራውን በቀን በቀኑ የሚደረድርልኝ እኔ የጻፍሁት አይደለም፤ ፕሮግራም የምጽፍበት ቋንቋ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው ፋንክሽን ነው፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ትንሽ ትዕዛዝ፣ ዓመትና ወርና ቀን ሰጥተኸው ቀን የሚሠራ። የፈረንጅ ነው፣ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰኔን አሥር፣ ሐምሌን አሥራ አንድ፣ ነሐሴን አሥራ ሁለት ብዬ ስሰጠው ቁጥሩን እንዳለ ስለሚመልስ እኔ የሚያውቅ መሰለኝ። አሥራ ሦስት ስሰጠው ግን «እንዲህ ያለ ወር የለኝም» ብሎ አይጮህም። ዝም ብሎ ትርፉን ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግረዋል። ዝም ብሎ! ቀይ መስመር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። እንደሚያውቅ ሰው ልቡን ሞልቶ ይመልሳል።

ዶክመንቴሽኑን፣ የአጠቃቀም መግለጫውን፣ ከፈትሁ። ስለዚህ ፋንክሽን ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ዓመት፣ ወርና ቀን ይቀበላል፤ ቀን ይመልሳል።» በቃ! ስንቱ የተማረ ሰው አልፎበታል በዚህ ገጽ? አንዱ እንኳ «ከአሥራ ሁለት ቢበልጥስ?» ብሎ አይጽፍም?

ትናንት ስብሰባው ላይ ይሄን አላውቅም ነበር። ያኔ አላውቅም ነበር።

መስከረም 4

አስቤበታለሁ። አሁን ሄጄ «የኮምፒውተሩ ጥፋት ነው» ብላቸው ማን ያምነኛል? «ትናንት አልሳሳትም አልሽ፣ ዛሬ ተሳሳትሁ ትያለሽ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ማስረጃ። ይሄ ቋንቋ የማንም ንብረት አይደለም፣ ገጹን ማንም ሰው አርሞ መላክ ይችላል፤ ቋንቋውን የሚንከባከቡት ሰዎች አይተው ከተስማሙ ይገባል። አርሜ እልካለሁ። ገጹ «እውነት ነው፣ ፋንክሽኑ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ ከጻፈ አትሜ ኮሚቴው ፊት አስቀምጠዋለሁ። ያኔ አያ ኢብሮም ነጻ፣ እኔም ነጻ።

ሁለት ሦስት ቀን ቢፈጅ ነው።

መስከረም 6

ላክሁት። አምስት መስመር። እንግሊዝኛዬን ሦስቴ አስተካከልሁ።

አሚና ትከሻዬ ላይ ሆና ስታይ ቆየች። «ምንድን ነው?» አለች። ነገርኋት፤ ሁሉንም አይደለም፣ የፋንክሽኑን።

«ይሄን ለአያ ኢብሮ ነግረሽዋል?»

«እሱ ፋንክሽን ምን እንደሆነ ያውቃል?»

«ጳጉሜ ምን እንደሆነ ያውቃል» አለች።

ምላሷ እንደኔ ነው። እናቴ ስትራገም ሁለታችንንም ነው።

መስከረም 7

ገበያ ወጣሁ። አያ ኢብሮን በግ ተራ አየሁት። ዞሬ ልሄድ ስል ጠራኝ። የእናቴን ጉልበት ጠየቀኝ፣ ሱቁ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ውሃው ምንም አላለም። ምነው በሰደበኝ! ስድብ እችላለሁ። ለስድብ መልስ አላጣም።

ከጎኑ የቆሙ ሁለት ሰዎች ሲያልፍ ድምፃቸውን ቀነሱ። አንደኛው «ሽንኩርቱ ስንት ገባለት» ሲል ሰማሁት። እሱም ሰምቷል።

መስከረም 10

መልስ መጣ! የጻፈልኝን ሰው አላውቀውም፣ አገሩንም አላውቅም፤ ገምጋሚ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አመሰግናለሁ። ግን ወር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት መሆኑ ግልጽ አይደለም? አሥራ ሦስት የሚያስገባ ማን ነው?»

ማን ነው? ማን ነው!

ማታውኑ ጻፍሁለት። አንድ አገር ሙሉ ሰው ነው አልሁት። እናቴ ናት። ሮቢት ያለችው አክስቴ ናት። ጳጉሜ የተወለደ ልጅ አለን፣ ጳጉሜ የሞተ ሰው አለን፣ በጳጉሜ የሚጠጣ ማሽላ አለን። አንተ ያላየኸው ወር የሌለ ወር ነው ወይ? ጻፍሁ ጻፍሁ። አሚና መብራት አጥፊ እስክትል ጻፍሁ። ከዚያ ግማሹን አጥፍቼ ላክሁት። የቀረውም ያቃጥላል።

መስከረም 13

ኔትወርክ የለም።

መስከረም 14

ኔትወርክ የለም። የረዲ ማሽላ ራሱ ባዶ ነው። አውጥቷል ግን ፍሬ አልያዘም። የሌሎቹ አራቱ ግማሽ ግማሽ ነው። ይሄን የነገረችኝ የረዲ ሚስት ወለላ ናት፣ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ መጥታ። «ከአያ ኢብሮ ይሄን አልጠብቅም ነበር» አለች። «በልጄ የክርስትና ድግስ ላይ ሙስሊሙን ሁሉ ያስተናገደልኝ እሱ ነበር። ዛሬ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ።»

ቻርጀሩን ሰካሁላት። የሚሠራው ሶኬት የቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ ሦስት ቦታ ሞከርሁ።

ልነግራት ነበር። ሰው ገባ።

መስከረም 16

ገምጋሚው፦ «ይቅርታ፣ አሥራ ሦስት ወር ያለው አቆጣጠር መኖሩን አላውቅም ነበር። ልክ ነሽ። አሳጥሪውና አንድ ምሳሌ ጨምሪበት።»

ልክ ነሽ አለ! ለአሚና አነበብሁላት። «ደስ ይላል» አለችና ዕቃዋን ማጠብ ቀጠለች።

ምሳሌ ጻፍሁ፦ «አንድ ተጠቃሚ በስህተት አሥራ ሦስተኛ ወር አስገባ እንበል...»

መስከረም 18

«ይሄ የተፈጠረ ይመስላል» ይላል። «አንባቢ የሚጠቅመው የሆነ ነገር ነው። አንቺ ምን ነበር ያስገባሽው? ምን መለሰልሽ? ምን ተበላሸ?»

ምን አገባው?

መስከረም 19

እሺ። ጻፍሁለት። ያለ ቁጣ የተጻፈ አንድ ወረቀት ካለኝ ይሄ ነው።

በእንግሊዝኛ «እኔ» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር መጀመር ይቸግራል። የተራ ዝርዝር ተቀበልሁ አልሁ። ቀኖቹን እንዳሉ አስገባሁ። የመለሰልኝን ሳላይ ለሰው ላክሁ። ዝርዝሩን የነገረኝ ሰው መልሰሽ አንብቢ ብሎኝ ነበር፣ አላነበብሁም። አምስት ቤት ውሃ ሳያገኝ ቀረ። የነገረኝ ሰው የነገረኝ ልክ ነበር፤ ሰረቀ ተብሎ ከሥራው ተነሳ።

ላክሁት። ከላክሁት በኋላ መልሼ አነበብሁት። «የነገረኝ ልክ ነበር» የሚለውን እስከዛሬ የትም አልጻፍሁትም ነበር፣ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ። ለማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር። ከኔ ቤት እስከ አያ ኢብሮ ቤት ስድስት ደቂቃ ነው።

መስከረም 22

ገባ። ገጹ ታርሟል። ስሜም ከታች አለ።

ታሪኩን አውጥተውታል፤ «ስለነገርሽን እናመሰግናለን፣ በጣም አዝነናል፣ ለገጹ ግን ረዝሟል» ይላል። የቀረው ምሳሌውና ይሄ ነው፦ «ከተለመደው በላይ የሆነ ወር ወይም ቀን ቢሰጠው ስህተት አይልም፤ ትርፉን ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል።» የኔ ነው፣ ቃል በቃል። ከሥሩ ግን እኔ ያልጻፍሁት አንድ መስመር ጨምሯል፦ «የሚሰጠው ቀን ልክ መሆኑን ማጣራት የሚጠራው ሰው ኃላፊነት ነው።»

የሚጠራው ሰው። ፋንክሽኑን የሚጠራው፣ ሥራ የሚያዘው። እኔ።

ልከራከረው ተነሳሁ። ሦስቴ ጻፍሁ፣ ሦስቴ አጠፋሁ። ይሄን ገጽ ነው እንዴ ኮሚቴው ፊት የማስቀምጠው? ሦስት ሳምንት የጠበቅሁት ይሄን ነው?

ያም ሆኖ ልክ ነው። ለሚቀጥለው አንባቢ የሚጠቅመው እሱ መስመር ነው። «ተስማምቻለሁ» ብዬ ላክሁ።

ለጋሽ ዘይኑዲን ደወልሁ። ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ሰው ይሰበሰባል አለ። «ምንድን ነው ጉዳዩ?» አለኝ። «ፊት ለፊት ልናገር» አልሁት።

መስከረም 24

ዛሬ ስብሰባው ነበር።

ገጹን አትሜ ቦርሳ ውስጥ ይዤ ነበር። አላወጣሁትም። ሁሉም ነበሩ፤ ረዲ፣ ወለላ፣ ፀዲ፣ ውዱ፣ በረከት ቁልፉን ጣቱ ላይ እያዞረ። አያ ኢብሮ ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ እሱን ያስጠራሁት እኔ ነኝ።

«አያ ኢብሮ ጳጉሜ ብሎ ነው የነገረኝ» አልሁ። «መስከረም ያደረግሁት እኔ ነኝ። መልሰሽ አንብቢልኝ አለኝ፣ አላነበብሁለትም። እየዞረ እንዳይጠራችሁም ያስከለከልሁት እኔ ነኝ። ያወቅሁት መስከረም ሦስት ነው።»

ጋሽ ዘይኑዲን «ዛሬ ስንት ነው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ሃያ አራት» አለች ፀዲ።

«አዑዙ ቢላህ» አለ አንዱ ሽማግሌ።

ወለላ አየችኝ። ቻርጀር የሰካሁላትን ቀን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ። ረዲ ተነሳ፤ ይጮሃል ብዬ ነበር፣ አልጮኸም። «እሺ፣ ለአያ ኢብሮ ተናገርሽለት። ለኔ ማሽላስ ምን ትያለሽ?»

እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ለፖሊስ መልስ አለኝ፣ ለዲግሪ ልጆች መልስ አለኝ፣ ለዚያ ለማላውቀው ገምጋሚ አራት ገጽ መልስ ነበረኝ። ለማሽላው ግን የለኝም። 

 አያ ኢብሮ ከድንጋዩ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ።

«በረከት፣ ቁልፉን።»

በረከት ወደ ሊቀመንበሩ አየ።

«ቆይ እንጂ አያ፣ ገና አልወሰንን—» አለ ጋሽ ዘይኑዲን።

«እናንተ እስክትወስኑ ውሃው ይቆማል? የነገ ተራ የማሚቴ ነው። ማሚቴ! ሰምተሻል? ቦዩ አፉ ተደፍኗል፣ ዛሬውኑ ጥረጊው።»

«ሰምቻለሁ አያ» አለች ማሚቴ ከኋላ።

በረከት ቁልፉን ሰጠው። ረዲ ሊያናግረው ጠጋ ብሎ ነበር፤ አያ ኢብሮ «ቆይ፣ ሞተሩን ልይ» ብሎት ገባ። እኔን አልፎ ነው የገባው። አላየኝም። ወይ አይቶኝ ነው።

መስከረም 26

የረዲን ማሽላ ለከብት ሊቆርጡት ነው አለችኝ አሚና። ሱቁን ዘግቼ ሄድሁ። የሱቅ ጫማዬን እንዳደረግሁ።

ወለላ ማጭድ ይዛ ማሳው ዳር አገኘችኝ። «ምን ፈለግሽ?»

«ላግዛችሁ።»

እጄን አየች። «በዚህ እጅ?»

እጅጌዬን ሰበሰብሁ። ረዲ ከወዲያኛው ጫፍ ቀና አለና ተመልሶ አጎነበሰ። አገዳው ከኔ ይረዝማል፣ ራሱ ሲነኩት ገለባ ነው። ወለላ ቆማ አየችኝና ሁለተኛ ማጭድ አምጥታ ሰጠችኝ።

«ከዚያ ጀምሪ። ከሥሩ ነው የሚቆረጠው።»

እስከ ስድስት ሰዓት ቆረጥሁ።  መዳፌ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጠረ። አንዱን መስመር ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ስዞር ወለላ ከኋላዬ መጣች፣ የቆረጥሁትን አንድ በአንድ እያየች።

«እዚህ ጋ ዘለሽዋል» አለች።

ተመልሼ ቆረጥሁት።